የቢሮ ስልክና ኮምፒውተር፦ በአንድ ኬብል ወይስ በሁለት?

ጅማ ውስጥ ለቢሮው የኢንተርኔት ስልክ ለማስገባት ያሰበ ሁሉ የሚጠይቀው ያው ነው፦ ለስልኩ የራሱ ኬብልና ስዊች (ኬብሎቹን የሚያገናኘው ሳጥን) ይዘርጋለት ወይስ ከኮምፒውተሩ ጋር በአንድ ኬብል ይሂድ? መልሱን ቀድሞ ለመናገር፣ ከ10 እስከ 40 ጠረጴዛ ላለው ቢሮ በቪላን፣ ማለትም አንዱን ኬብል እንደ ሁለት የተለያየ ኔትወርክ በሚያሠራ የስዊች ቅንብር፣ የተከፈለ አንድ ኬብል ይሻላል። ሁለት ኬብል የሚያዋጣበት ቦታ አለ፣ ግን ጥቂት ነው። ብዙው ሰው የሚዘረጋው ፈርቶ ነው።

የሚፈራው ሰው ፋይል ሲልክ ድምፅ ይቆራረጣል ብሎ ነው። መቆራረጡስ ይቆራረጣል፤ የሚቆራረጠው ግን ግድግዳው ውስጥ አይደለም። አንድ ጥሪ በጂ.711 (በተለመደው የድምፅ ኮድ) ሲሄድ በሰከንድ 87 ኪሎቢት ገደማ ይወስዳል። 10 ሰው በአንድ ጊዜ ቢያወራ 1 ሜጋቢት አይሞላም፤ ለጊጋቢት ስዊች ይህ ምንም አይደለም። መጨናነቁ ያለው ወደ ውጭ በሚወጣው መስመር ላይ ነው። ሁለት ኬብል የዘረጋውም ሮውተሩ ጋ ሲደርስ ሁለቱ ተገናኝተው በአንዲት በር ይጋፋሉ። መፍትሔው ያለው እዚያው ሮውተሩ ላይ ነው፦ የመላኪያ ፍጥነቱን ለክታችሁ ከ85 እስከ 90 በመቶው ላይ ገደብ አድርጉ፣ ዲኤስሲፒ 46 የሚባል የቅድሚያ ምልክት ላለው ድምፅ ቅድሚያ ስጡ። ሮውተሩ ማይክሮቲክ ከሆነ ፋስትትራክ የሚባለውን አቋራጭ አጥፉ፤ እሱ በርቶ ሳለ ዳታው ያወጣችሁትን ገደብ (ሲምፕል ኪው) ዘሎት ያልፋል። ሲፕ ኤኤልጂ የሚባለውን፣ ሮውተሩ በስልክ ጥሪው ውስጥ እጁን የሚያስገባበትን ቅንብርም አጥፉ፤ ስልኩ ጠርቶ ተነስቶ አንዱ ወገን ብቻ የሚሰማ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ዋጋን በብር ጽፎ ማስቀመጥ ትርጉም አጥቷል፤ በኬብል ካርቶንና በፖይንት (በሶኬት ቁጥር) እንቁጠረውና ፕሮፎርማ ስትሰበስቡ በዕለቱ ዋጋ አባዙት። 20 ጠረጴዛ አለ፣ ከራኩ (ስዊቹና ሮውተሩ ከሚቀመጡበት ሳጥን) እስከ ጠረጴዛው በአማካይ 25 ሜትር ነው እንበል። በአንድ ኬብል 500 ሜትር ይሆናል፤ አንድ ካርቶን 305 ሜትር ስለሆነ 2 ካርቶን ይበቃል፣ ይተርፋልም። በሁለት ኬብል 1,000 ሜትር፣ ማለትም 4 ካርቶን ነው። የግድግዳ ሶኬት ከ20 ወደ 40፣ ፓች ፓነል (ኬብሎቹ ራኩ ላይ የሚያርፉበት) ከ24 ወደ 48፣ ስዊች ከአንድ ወደ ሁለት ይሄዳል። ባለሙያው የሚያስከፍለው በፖይንት ከሆነ የእጅ ዋጋውም እጥፍ ነው። ቢሮው ፈረንጅ አራዳ በጣሊያን ጊዜ ከተሠሩት ባለ ወፍራም ግድግዳ ቤቶች በአንዱ ውስጥ ከሆነማ ለመብሻው ለብቻው ተደራደሩ።

አንድ ኬብል በበኩሉ ሁለት ነገር ያስጨምራል። አንደኛው ማኔጅድ የሆነ፣ ማለትም ቪላን የሚቀበል፣ ፒኦኢ (ለስልኩ ኤሌክትሪኩን በኔትወርክ ኬብሉ የሚልክ) ስዊች ነው፤ ከተራው ፒኦኢ ጋር ያለው ልዩነት አንድ ጊዜ የሚከፈል ስለሆነ ብዙ አያስጨንቅም። ሁለተኛው ስልኩ ነው፣ እሱ በ20 ይባዛል። ኮምፒውተሩ በስልኩ ጀርባ ስለሚያልፍ ፍጥነቱ ከስልኩ ቀዳዳ አይበልጥም። ዪሊንክ ቲ31ፒና ግራንድስትሪም ጂኤክስፒ1625 100 ሜጋቢት ናቸው፤ ቲ31ጂና ጂኤክስፒ1628 ጊጋቢት። ፕሮፎርማው ላይ የመጨረሻዋን ፊደል እዩ፦ ፊደል የሌለው ቲ31 ፒኦኢ የለውም፣ በየጠረጴዛው አዳፕተር ይፈልጋል። ለ20ውም ጊጋቢት መግዛት ግን አያስፈልግም። ኢሜይልና ደብዳቤ ለሚሠራው 100 ሜጋቢት ይተርፈዋል። የሒሳብ ፕሮግራሙን ፒችትሪን ከሰርቨር ላይ ለሚከፍቱት ሒሳብ ክፍሎች ሦስት አራት ጊጋቢት ስልክ ግዙ፣ የቀረውን በርካሹ ሸፍኑ። ሁለት ኬብል ዘርግቶ ከሚወጣው ወጪ ይህ ያንሳል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ገንዘብ የሚበላው ፎርጅድ ኬብል ነው። ካርቶኑ ላይ ካት 6 ተብሎ ይጻፋል፣ ውስጡ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ይሆናል። ሶኬት ላይ ሲመታ ይሰበራል፣ ፒኦኢ ሲሄድበት ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ ስለሚባክን ረጅም መስመር ላይ ያለ ስልክ ራሱን እያጠፋ ያበራል። ሽቦውን በቢላ ፋቁት፤ ከሥሩ ነጭ ካወጣ መልሱት። የበለጠ እርግጠኛ መሆን ከፈለጋችሁ ካርቶኑን ከፍታችሁ ሁለቱን ጫፍ አውጡና አንዷን ቀጭን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በመልቲሜትር ለኩ። ሙሉ 305 ሜትር እውነተኛ መዳብ ከ29 ኦም አይበልጥም፤ አሉሚኒየሙ ከዚያ ያልፋል። ይህን ሻጩ ፊት አድርጉት። ዕቃው ከአዲስ አበባ ከመጣ በኋላ ለመመለስ 350 ኪሎ ሜትር አለ።

ስዊች ላይም ተንኮል አለ። ባለ 24 ተብሎ 8ቱ ብቻ ፒኦኢ የሆነ፣ ወይም ሳይጠይቅ በጭፍን ቮልት የሚለቅ ፓሲቭ የሚባል ዓይነት ይሸጣል። የምትፈልጉት 802.3ኤኤፍ ወይም ኤቲ የሚል የፒኦኢ ደረጃ ያለው ነው።

አሠራሩ ረጅም አይደለም። ኮምፒውተር ቪላን 10፣ ድምፅ ቪላን 20 ይሁን። የጠረጴዛ ፖርቶች (የስዊቹ ቀዳዳዎች) ላይ 10ን አንታግድ (የቪላን ቁጥር ሳይለጠፍበት የሚያልፍ)፣ 20ን ታግድ (ቁጥሩ ተለጥፎበት የሚያልፍ) አድርጉ፣ ፒቪአይዲውን፣ ማለትም ቁጥር ሳይኖረው የገባ ዳታ የሚመደብበትን ቪላን፣ ከ1 ወደ 10 ቀይሩ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ ያኔ ስልኩ ይሠራል፣ ኮምፒውተሩ አድራሻ አያገኝም። ወደ ሮውተሩ የሚሄደው ፖርት ሁለቱንም ታግድ ይውሰድ። ስዊቹ ኤልኤልዲፒ-ሜድ (ለስልኩ ቪላኑን የሚነግረው) ካለው አብሩት፣ ስልኩ ቪላኑን ራሱ ያውቃል፤ ከሌለው በየስልኩ ሜኑ ውስጥ 20 ብላችሁ በእጅ አስገቡ። መሃል ላይ የቆየ ተራ ስዊች አትተዉ።

የአንድ ኬብል እውነተኛ ድክመት፣ ስልኩ ሲጠፋ ኮምፒውተሩም አብሮ ከኔትወርክ መውጣቱ ነው። ስለዚህ ስዊቹ፣ ሮውተሩና የፋይበር ሞደሙ አንድ ዩፒኤስ ላይ ይሁኑ። ይህ ሁሉ 150 ዋት ገደማ ቢወስድ፣ ሁለት ባለ 12 ቮልት 9 አምፒር-አወር ባትሪ ያለው 1500 ቪኤ ዩፒኤስ ባትሪው አዲስ እያለ 40 ደቂቃ ገደማ ያቆያል።

ሁለት ኬብል መቼ ይሁን? ስልኮቹ ተገዝተው ካለቁና የኮምፒውተር ቀዳዳ ከሌላቸው፣ ወይም ሕንፃው ገና እየተሠራ ቱቦው ክፍት ሆኖ የእጅ ዋጋው ካልጨመረ። ያኔም አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ ጠረጴዛው ሥር ሁለት ሶኬት፣ ስልኩ ጀርባ ሁለት ቀዳዳ ሲኖር፣ ጠረጴዛ ያዛወረ ሠራተኛ ሁለቱንም ይሰካቸዋል። በዚያች ቅጽበት በብዙ ገንዘብ የተለያዩት ኔትወርኮች በስልኩ ሆድ ውስጥ ይጋባሉ፤ ኮምፒውተሮች ከስልክ ኔትወርኩ ዲኤችሲፒ (አድራሻ አዳይ) አድራሻ መውሰድ ይጀምራሉ፣ ምክንያቱን ለማግኘት ቀን ሙሉ ይፈጃል። የስልኮቹን የኮምፒውተር ቀዳዳ ከሜኑ ዝጉት።

አንዱን ኬብል ገምሶ አራቱን ሽቦ ለስልክ፣ አራቱን ለኮምፒውተር የሚያደርግ ባለሙያ ከመጣ አትቀበሉት። ጊጋቢት ስምንቱንም ይፈልጋል፤ በ4፣5፣7፣8 ኤሌክትሪክ የሚልክ ስዊች ከገጠማችሁም ስልኩ አይበራም። ግቢ ውስጥ ሁለት ሕንፃ ካለ ደግሞ መሃሉን በፋይበር አገናኙ፤ የጅማ ክረምት መብረቅ በመዳቡ ገብቶ የሁለቱንም ቤት ስዊች ሊያቃጥል ይችላል።

የመጨረሻውን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት የራኩን መብራት ከግድግዳው ንቀሉ፣ በዩፒኤስ ላይ እያለ አንድ ጥሪ አድርጉ። ከዚያ ስዊቹን ራሱን አጥፍታችሁ አብሩት። ባለሙያው ሴቭ ማድረጉን ረስቶ ከሆነ ቪላኖቹ ይጠፋሉ፤ እሱ ሳይሄድ ቢጠፉ ይሻላል።