ክሬያቲኒንን አብዝቶ የሚያምነው የአንቲባዮቲክ መጠን ማስያ

በሆስፒታል ፋርማሲስትነቴ ላለፉት ስድስት ወራት፣ የአንቲባዮቲክን መጠን ከታካሚው የኩላሊት አቅም ጋር የሚያመዛዝን አንድ የስልክ መተግበሪያ ስጠቀም ቆይቻለሁ። ዕድሜ፣ ክብደት፣ ጾታና በደም ውስጥ ያለው የክሬያቲኒን (ጡንቻ የሚያመነጨውና ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ) ልክ ሲገባለት፣ ኩላሊት በደቂቃ ምን ያህል እንደሚያጣራ እ.ኤ.አ. በ1976 በታተመው የኮክክሮፍትና ጎልት ቀመር አስልቶ የእያንዳንዱን መድኃኒት መጠንና የመስጫ ሰዓት ያሳያል። ፈጣን ነው፤ በተረኝነት ሌሊት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በእጄ ደግሜ ባሰላሁባቸው ጊዜያትም ስህተት አላገኘሁበትም።

የመድኃኒት ዝርዝሩም በጥንቃቄ የተሠራ ነው። በአብዛኛው በኩላሊት የሚወጡትን የቫንኮማይሲንን፣ የጄንታማይሲንንና የሜሮፔነምን መጠን ሲቀንስ ወይም ሰዓታቸውን ሲያራርቅ፣ በሐሞትም ጭምር የሚወገደውን ሴፍትሪያክሶንን ሳይነካ ይተወዋል። ሴፌፒም ሲመረጥ፣ ኩላሊቱ በደከመ ሰው ላይ ተጠራቅሞ የአእምሮ መደናገርና መንዘፍዘፍ ሊያስከትል እንደሚችል ማስጠንቀቁን ወድጄለታለሁ።

ቅሬታዬ ክሬያቲኒንን ያለ ጥርጣሬ መቀበሉ ነው። የ60 ዓመት ዕድሜና 70 ኪሎ ክብደት ያላቸው አንድ አባት ክሬያቲኒናቸው ትናንት 1፣ ዛሬ 2 ሚሊግራም በዴሲሊትር ቢሆንና ሽንታቸው ቢቆም፣ መተግበሪያው በደቂቃ 39 ሚሊሊትር ብሎ ይመልሳል። ቀመሩን አልሳተም፤ ነገር ግን ክሬያቲኒኑ ገና በመጠራቀም ላይ ስለሆነ እውነተኛው የማጣራት አቅማቸው ወደ ዜሮ የተጠጋ ሊሆን ይችላል። የትናንቱን ውጤት የሚጠይቅ ሳጥን እንኳ የለውም። ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ ውለው ጡንቻቸው የመነመነ አረጋውያንም ክሬያቲኒናቸው ዝቅ ስለሚል፣ ኩላሊታቸው ከእውነታው የተሻለ መስሎ ይታያል።

ከዚህ የከፋው የመጀመሪያውን ዶዝ ጭምር መቀነሱ ነው። የመጀመሪያው የቫንኮማይሲን ዶዝ የሚለካው መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ በሚሰራጭበት ስፋት እንጂ ኩላሊት በሚያስወግድበት ፍጥነት አይደለምና፣ በጠና ለታመመ ሰው እሱን መቀነስ ሕክምናውን ማዘግየት ነው። በተቃራኒው በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኙ አንዳንድ ወጣት የአደጋ ተጎጂዎች ኩላሊታቸው በደቂቃ ከ130 ሚሊሊትር በላይ እያጣራ መድኃኒቱን ቀድሞ ሊያስወጣባቸው ይችላል፤ ለእነርሱ ግን መተግበሪያው «መደበኛ መጠን» ከማለት ያለፈ ቃል የለውም።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቼዋለሁ። ክሬያቲኒኑ ለተረጋጋ ታካሚ እጠቀምበታለሁ፤ የመጀመሪያውን ዶዝ ለብቻው የሚያሳይ እትም እስኪወጣ ድረስ ግን ቫንኮማይሲንን የማሰላው በወረቀት ነው።