የእንቁራሪት ቆዳ ወይስ የለመድነው አንቲባዮቲክ?

አሜሪካዊው ሐኪምና ተመራማሪ ማይክል ዛስሎፍ አንድ ነገር ገረማቸው። ቀዶ ሕክምና ያደረጉባቸው የአፍሪካ እንቁራሪቶች ንጹሕ ያልሆነ ውሃ ውስጥ እየኖሩ ቁስላቸው አያመረቅዝም። ከቆዳቸው ያወጡትን ፔፕታይድ (ትንሽ የፕሮቲን ቁራጭ) በ1987 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረጉ። ስሙ ማጌይኒን ነው፤ «ጋሻ» ከሚለው የዕብራይስጥ ቃል የመጣ። ታዲያ ከፋርማሲው መድኃኒት ይሻላል?

አሠራር፦ ፔኒሲሊን ባክቴሪያው ግድግዳውን እንዳይገነባ ያግደዋል። ማጌይኒን 23 አሚኖ አሲዶች ያሉት ትንሽ ሰንሰለት ነው። ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላለው ኔጋቲቭ በሆነው የባክቴሪያ ሽፋን ላይ ተለጥፎ ይበሳዋል።

መላመድ፦ እዚህ ላይ እንቁራሪቷ ትበልጣለች። ባክቴሪያ ፔኒሲሊንን የሚሰባብር ኢንዛይም ያመርታል፤ ሽፋኑን በሙሉ መቀየር ግን ይከብደዋል። አይችልም ማለት አይደለም።

አወሳሰድ፦ ብዙዎቹ አንቲባዮቲኮች ይዋጣሉ። ፔፕታይድ ግን ሆድ ውስጥ እንደ ሥጋ ይፈጫል።

ዋጋ፦ የቆዩት አንቲባዮቲኮች ርካሽ ናቸው። ፔፕታይድ ማምረት ውድ ነው።

ማስረጃ፦ በጣም የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ከማጌይኒን የተሠራው ፔክሲጋናን የተባለ ቅባት በስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል ላይ ተሞከረ። በ1999 እ.ኤ.አ. ግን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ ነፈገው።

ለሳንባ ምች ወይም ደም ውስጥ ለገባ ኢንፌክሽን ዛሬም ሐኪም ያዘዘው አንቲባዮቲክ ነው የሚያዋጣው። የፔፕታይዱ ተስፋ ቅባት በሚደርስበት፣ የተለመደው መድኃኒት እምቢ ባለው የቆዳ ቁስል ላይ ነው።