ያገለገለ ስቴሪዮ ሪሲቨር ወይስ ለየብቻ እየገዙ መገጣጠም?

መጀመሪያ እንግባባ። ሪሲቨር ስል የዲሹን ማለቴ አይደለም። ሬዲዮው፣ ቮልዩምና ባስ የሚስተካከልበት ፕሪአምፕ፣ ስፒከሩን የሚገፋው ፓወር አምፕ፣ ሦስቱም በአንድ ሳጥን የገቡበትን የድሮ ስቴሪዮ ነው የምለው። ያ ፊቱ ላይ ረጅም የሬዲዮ መስታወት ያለው፣ ሲበራ የሚያምረው፣ ለማንሳት ወገብ የሚፈትነው። ሌላው መንገድ እነዚህኑ ሦስት ነገሮች በሦስት ሳጥን እየለቀሙ መግዛትና በኬብል ማያያዝ ነው።

«ለየብቻ ከሆነ ድምፁ ይበልጣል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ግማሹ እውነት ነው። ፓወር አምፕ የራሱ ትልቅ ትራንስፎርመር ሲኖረውና ስስ ከሆነው የፕሪአምፕ ክፍል ሲርቅ ድምፁ የመጥራት ዕድል አለው። ግን ይሄ የሚሠራው ሳጥኖቹ ሁሉ ጤነኛ ከሆኑ ነው። ያገለገለ ዕቃ ላይ ደግሞ ጤንነት ከዲዛይን ይቀድማል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ በእኩል ገንዘብ ተፈትሾ የተጠገነ አንድ ሪሲቨር ባለሙያ ካላያቸው ሦስት ሳጥኖች ይሻላል፤ የተረፈው ገንዘብ ስፒከር ላይ ይዋል። ለየብቻ መግዛት የሚያዋጣበት ጊዜ አለ። ግን ከሚወራው በጣም ያነሰ ነው።

ዋቱ ይታመናል?

የድሮ ሪሲቨር ላይ በአብዛኛው አዎ። እ.ኤ.አ. በ1974 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የአምፕ ዋት እንዴት መገለጽ እንዳለበት ደንብ አወጣ። ከዚያ በፊት አምራቾች ለቅጽበት ብቻ የሚወጣውን ጉልበት እየደመሩ ደስ ያላቸውን ቁጥር ይለጥፉ ነበር። ከደንቡ በኋላ ሁለቱ ቻናሎች አብረው ያለማቋረጥ የሚሰጡትን ዋት፣ በስንት ኦም (የስፒከሩ የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ፤ ሲያንስ አምፑ ላይ ሸክሙ ይበዛል) እና በምን ያህል የድምፅ መዛባት እንደሆነ ጨምረው መጻፍ ግድ ሆነባቸው። ከዚያማ የጃፓን ኩባንያዎች በዋት ተፋጠጡ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ፓዮኒር ኤስኤክስ-1250 በቻናል 160 ዋት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ኤስኤክስ-1980 በ270 ዋት መጣ፣ ክብደቱ ወደ 35 ኪሎ። ስለዚህ የዚያ ዘመን 40 ዋት በትክክል 40 ዋት ነው። ዛሬ መዳፍ የምታክል ሳጥን ላይ «1000 ዋት» የሚል ስቲከር ካያችሁ ግን ስቃችሁ እለፉ።

እንዲያም ሆኖ ዋት ማሳደድ ብዙ አይጠቅምም። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ «እጥፍ ጮኸ» የሚለው 10 ዴሲቤል ገደማ ሲጨምር ነው፣ ለዚያ ደግሞ አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ባለ 40 እና ባለ 60 ዋት መካከል ለመምረጥ እንቅልፍ አትጡ። ከዚያ ይልቅ የስፒከራችሁን ሴንሲቲቪቲ፣ ማለትም በትንሽ ዋት ምን ያህል እንደሚጮህ የሚናገረውን ቁጥር እዩ። በ1 ዋት በ1 ሜትር ርቀት 90 ዴሲቤል የሚሰጥ ከሆነ 25 ዋት ለአንድ ሳሎን ይበቃዋል። 84 የሚል ከሆነ ግን ያንኑ ድምፅ ለማውጣት አራት እጥፍ ዋት ይበላል።

ለየብቻ መግዛት የሚያሸንፍበት አንዱ ቦታ እዚህ ጋ ነው። ስፒከራችሁ 4 ኦም ሆኖ ሴንሲቲቪቲውም ዝቅ ያለ ከሆነ፣ መካከለኛ ሪሲቨር ይሞቃል፣ ይጨነቃል፣ መጨረሻ ላይ ራሱን ያጠፋል። እንዲህ ላለው ስፒከር ጠንካራ ፓወር አምፕ ፈልጉ። ሪሲቨሩ ላይ «ኤ» እና «ቢ» ተብለው ሁለት ጥንድ ስፒከር የሚሰካባቸው ቦታዎች ካሉም ልብ በሉ፦ ብዙውን ጊዜ ባለ 8 ኦም ሁለት ጥንድ አብሮ ሲበራ አምፑ የሚያየው 4 ኦም ነው። የኋላ ሰሌዳው ላይ ስንት ኦም ድረስ እንደሚፈቀድ ተጽፏል። አንብቡት።

ሪሲቨር ስትገዙ ምኑን ታያላችሁ?

ሶኬት ከመሰካታችሁ በፊት ቮልቴጁን። ለጃፓን ገበያ የተሠራው 100 ቮልት፣ ለሰሜን አሜሪካ የተሠራው 120 ቮልት ነው። ይህን 220 ላይ ከሰካችሁት በቃ፣ አበቃ። አንዳንዱ ከኋላው የቮልቴጅ መቀየሪያ አለው፤ ከሌለው ቮልቴጅ ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር መግዛት አለባችሁ፣ እሱንም ሒሳብ ውስጥ አስገቡት። የጃፓኑ ሌላም ጣጣ አለው። የድሮው የጃፓን ኤፍኤም የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነው። አብዛኛው ዓለም የሚጠቀመው ከ87.5 እስከ 108 ስለሆነ ሬዲዮው አብዛኛዎቹን ጣቢያዎች አያገኝም።

ቀጥሎ «ድምፅ የለውም» ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው አለ። እሱን ሳትንቁ እዩት። ፊቱ ላይ «ቴፕ ሞኒተር» የምትል ቁልፍ ትኖራለች። ተጭና ከሆነ ሪሲቨሩ ድምፁን የሚጠብቀው ከኋላ ከሚሰካ ቴፕ ነው፣ ቴፕ ከሌለ ደግሞ ዝም ነው። አንድ ጊዜ መልሳችሁ ስትጫኗት «የሞተው» ይነሳል። ሁለተኛው ከኋላ በኩል ነው። አንዳንዶቹ ሪሲቨሮች «ፕሪ አውት» (የፕሪአምፑ መውጫ) እና «ሜይን ኢን» (የፓወር አምፑ መግቢያ) የሚሉ ቀዳዳዎች አሏቸው፣ ሁለቱን የሚያገናኙ አጫጭር የታጠፉ ብረቶች ይሰኩባቸዋል። ብረቶቹ ከጠፉ ፕሪአምፑና ፓወር አምፑ ይቆራረጣሉ። በአጭር ኬብል ብታገናኙት ያው ነው። ነቄ ሻጭ ይህን ያውቃል፣ የማያውቀው ደግሞ ለእናንተ ይመቻል።

አሁን አብሩት። ስፒከር ገና አታስገቡ። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ከውስጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ጥሩ ነው፤ ሪሌዩ (በኤሌክትሪክ ራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ ስዊች) ስፒከሩን አገናኘ ማለት ነው። ሪሌይ ኖሮት ቀጭ ካላለ ውስጡ ያለው መከላከያ አንድ ነገር አልጣመውም፣ ምናልባት ትራንዚስተር ተቃጥሏል። ቴስተር ካላችሁ ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉና ቮልዩሙን ዜሮ አድርጋችሁ የስፒከር መውጫውን ለኩ። እስከ 50 ሚሊቮልት ድረስ አያሳስብም። ከ100 ካለፈ ጠርጥሩ። ብዙ ቮልት ካሳየ ስፒከራችሁን ይዛችሁ ወደ ቤት፤ እዚያ ላይ የሚሰካ ስፒከር ይቃጠላል።

ልኬቱ ደህና ከሆነ ርካሽ ስፒከር አገናኙና ቮልዩሙን አዙሩት። ቢንኮሻኮሽ አትደንግጡ፣ አቧራና ዝገት ነው፣ ለኤሌክትሮኒክስ ተብሎ በሚሸጥ የኮንታክት ማጽጃ ይለቃል። (የበር ማጠፊያ የሚቀባውን ዘይት የሚነፋበት ሰው አለ። እባካችሁ ተዉ።) አንዱ ቻናል ዝቅ ሲል ጠፍቶ ድምፅ ሲጨመር ብቅ የሚል ከሆነም ብዙ ጊዜ የሪሌዩ ወይም የስዊቹ ንክኪ ቆሽሾ ነው። ለመደራደሪያ የምትጠቀሙበት ጉድለት ይሄ ነው፤ ሻጩ ያፍርበታል፣ ጥገናው ግን ቀላል ነው።

ከባድ ነገር የሚሆነው ሌላው ነው። እ.ኤ.አ. የ1970ዎቹ መጨረሻና የ1980ዎቹ አንዳንድ ሪሲቨሮች ፓወር አምፓቸው በሙሉ አንድ ወፍራም ቺፕ ውስጥ ነው፣ ስሙ በ«ኤስቲኬ» ይጀምራል። ብዙዎቹ ዛሬ አይመረቱም። ገበያ ላይ ያለው ደግሞ አስመስሎ የተሠራ ይበዛበታል። ለየብቻ በተተከሉ ትራንዚስተሮች የተሠራው ሲበላሽ ግን ባለሙያ ተመሳሳዩን ፈልጎ ይተካዋል። ምርጫ ካላችሁ ሁለተኛውን ውሰዱ።

«ተከፍቶ አያውቅም» ሲባል እንደ ሙገሳ አትቁጠሩት። ውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር በዕድሜ ይደርቃል። ዕድሜው አርባና ሃምሳ ዓመት የሆነ አምፕ ተከፍቶ አያውቅም ማለት ጥገናው እናንተን እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ተከፍቶ በደንብ የተሠራ፣ የተቀየረው ዕቃ የተጻፈለት ቢወደድም ያዋጣል።

ለየብቻ ሲሆንስ?

ከላይ ያለው ፍተሻ እያንዳንዱ ሳጥን ላይ ይደገማል። ጥቅሙ፣ አንዱ ሲበላሽ ሌላው አብሮት ጥገና ቤት አይሄድም። ፕሪአምፑ ቢሞት ሌላ ተውሳችሁ ትሰክታላችሁ፣ ሙዚቃው ይቀጥላል። ሪሲቨር ከሆነ ግን የሬዲዮው ችግርም ቢሆን ሙሉ ሳጥኑ ነው የሚሄደው።

ጣጣው ብዙ ሰው ከገዛ በኋላ የሚያውቀው ዓይነት ነው። ኬብል ይበዛል። ሶኬት ይበዛል። ሳጥኖቹ የተለያየ ቦታ ተሰክተው የኧርዝ መስመራቸው በኬብሎቹ በኩል ቀለበት ሲሠራ ከስፒከሩ «እምምም» የሚል ድምፅ ይመጣል፣ እሱን ማሳደድ አንድ ቅዳሜ ይበላል። ሁሉንም አንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ብዙ ጊዜ ያስታግሰዋል። ማብሪያው ራሱ ቅደም ተከተል አለው፦ ፓወር አምፕ መጨረሻ ይበራል፣ መጀመሪያ ይጠፋል። ከተገለበጠ ፕሪአምፑ ሲነሳ የሚያወጣው «ዱብ» ተጎልቶ ስፒከሩ ላይ ያርፋል። ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ይህን ለማን ታስረዳላችሁ?

ደግሞ ሳጥኖቹ መጣጣም አለባቸው። ፓወር አምፕ ሙሉ ጉልበቱን ለማውጣት ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ቮልት ይፈልጋል። ፕሪአምፑ ያንን በቀላሉ ካልሰጠ ድምፁ ደካማ ይሆናል፣ በጣም ከበዛ ደግሞ ቮልዩሙን ገና ስትነኩት ይጮህባችኋል። የአንድ ኩባንያ፣ የአንድ ዘመን ጥንድ መግዛት ከዚህ ራስ ምታት ያድናል።

ሸክላ፣ ስልክ፣ ሬዲዮ

ሸክላ የምታዳምጡ ከሆነ የድሮ ሪሲቨር ትልቅ ብልጫ አለው። የዚያ ዘመን ሪሲቨሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም የፎኖ፣ ማለትም የሸክላ ማጫወቻ መግቢያ አላቸው። የተለመደው ሙቪንግ ማግኔት ካርትሪጅ (መርፌው ያለበት፣ ሸክላውን የሚያነበው ክፍል) የሚያወጣው 5 ሚሊቮልት ገደማ ነው፣ የፎኖው ክፍል ያንን አጉልቶ ቃናውንም ያስተካክለዋል። ለየብቻ ከሆነ ይህ ራሱ አንድ ተጨማሪ ሳጥን ሊሆን ይችላል። ሙቪንግ ኮይል የሚባለውን ውድ ካርትሪጅ ከያዛችሁ ግን እሱ የሚሰጠው ከዚያም አሥር እጥፍ ያነሰ ስለሚሆን ለብቻው የተሠራ ፎኖ ፕሪአምፕ ያስፈልገዋል፤ እዚህ ላይ ለየብቻው አሸነፈ።

ከስልክ ነው የማዳምጠው ካላችሁ ሁለቱም እኩል ናቸው። የድሮ ዕቃ ብሉቱዝም ኦፕቲካልም (የዲጂታል ድምፅ መግቢያ) የለውም፤ ትንሽ የብሉቱዝ መቀበያ ወይም ዳክ (ዲጂታሉን ድምፅ አምፑ ወደሚገባው የሚቀይር ሳጥን) ገዝታችሁ «ኦክስ» ላይ ትሰካላችሁ። አንድ ነገር አትደናገሩ፦ የድሮው መግቢያ የተሠራው ለ150 ሚሊቮልት ገደማ ነው፣ የዛሬ ዳክ ግን እስከ 2 ቮልት ይሰጣል። ስለዚህ ቮልዩሙ ሩብ ሳይደርስ ቤቱን ያናውጠዋል። አልተበላሸም። ዳኩ ላይ ወይም ስልኩ ላይ ቀንሱት።

ሬዲዮ ጭራሽ የማትከፍቱ ከሆነ፣ ወይም ኤፍኤም እየተዘጋ ያለበት አገር ከሆናችሁ (ኖርዌይ ብሔራዊ ጣቢያዎቿን እ.ኤ.አ. በ2017 ከኤፍኤም አውጥታለች)፣ ለማትሰሙት ቱነር ለምን ትከፍላላችሁ? ያኔ ኢንቴግሬትድ አምፕ ግዙ፤ ፕሪአምፕና ፓወር አምፕ አንድ ላይ ሆነው ሬዲዮ የሌለው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ናድ 3020 በወረቀት ላይ በቻናል 20 ዋት ብቻ ነው፣ ግን ስሙ እስካሁን ይነሳል። እሱም ፕሪ አውትና ሜይን ኢን አለው።

እነዚያ የታጠፉ ብረቶች እንግዲህ ዋናውን ጥያቄ ያቀልሉታል። ሪሲቨርም ይሁን ኢንቴግሬትድ፣ ፕሪ አውት ያለውን ከገዛችሁ ዛሬ በአንድ ሳጥን ትጀምራላችሁ፣ ነገ ከባድ ስፒከር ሲመጣ ብረቱን ነቅላችሁ ጉልበተኛ ፓወር አምፕ ታስገባላችሁ፣ የገዛችሁት ዕቃ አይጣልም። ሁለት ሪሲቨር ፊታችሁ ቢቀርብና ጤንነታቸው ተመሳሳይ ቢሆን፣ ዋቱ ያነሰም ቢሆን ፕሪ አውት ያለውን አንሱ።

ሻጩ «እዚህ መሞከሪያ ሶኬት የለም፣ ግን ይሠራል» ካላችሁ ደግሞ እንደማይሠራ ቁጠሩትና ዋጋ ተነጋገሩ። ስታነሱት በትራንስፎርመሩ በኩል ያዙ፣ ክብደቱ እዚያ ነው። ቁልፎቹ ላይ አስደግፋችሁም መኪና ውስጥ አታስተኙት።