የኬኒ ሮጀርስ "ግሬተስት ሂትስ" ሸክላ ይገዛል ወይስ አይገዛም?

ያገለገሉ ሸክላዎች ከሚሸጥ ሱቅ የ1980ውን የኬኒ ሮጀርስ "ግሬተስት ሂትስ" ገዝቼ ሰነበትኩ፣ እንዴት ነው እያለ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። ለቸኮለ ሰው ባጭሩ፦ ግዙት። ካንትሪ (የአሜሪካ የገጠር ዘፈን) አልወድም የምትሉም ግዙት፣ ወሬ የምትወዱ ከሆነ ይበቃል፣ ምክንያቱም ይሄ ሰውዬ አይዘፍንም እኮ፣ አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ የሰው ጉድ ነው የሚያወራላችሁ። ድምጹን ከፍ አያደርግም፣ አያለቃቅስም፣ በዛች ሻከር ባለች ጉሮሮው "ስማማ ምን እንደሆነ" የሚል ነው የሚመስለው፣ እናንተም ሳታውቁት መጨረሻውን ለመስማት ትቀመጣላችሁ። ከ12ቱ ዘፈን ምርጦቹ በሙሉ ታሪክ ያላቸው ናቸው፣ ታሪክ የሌላቸው ግን (ከአንዷ በቀር) እንደዛ አይደሉም፣ እሱን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ስለ ሰውዬው ለማያውቅ ትንሽ ልበል። በ1938 ሂውስተን ቴክሳስ ተወለደ፣ መንግስት ለድሆች በሰራው መንደር ውስጥ ከ8 ልጆች 4ኛ ሆኖ አደገ። ብዙ ሰው ገና ሲወለድ ቦት ጫማ አድርጎ የተወለደ ካውቦይ ነው የሚመስለው ግን ወጣት እያለ ጃዝ ባንድ ውስጥ ቤዝ ይጫወት ነበር፣ ከዛ ኒው ክሪስቲ ሚንስትረልስ የሚባል የፎክ ቡድን ገባ፣ ከዛ በ1967 ከጓደኞቹ ጋር ፈርስት ኤዲሽን የሚባል ባንድ፣ ጸጉር ረዘም፣ ጆሮ ላይ ሎቲ፣ ባለ ቀለም መነጽር፣ በቃ የለየለት ሂፒ። ባንዱ ፈርሶ ብቻውን ሲቀር 40 ሊሞላው ትንሽ ነበር የቀረው፣ በሙዚቃ ዓለም ያኔ ይሄ ሽምግልና ነው። በእኔ ግምት ድምጹ ላይ የምንሰማው ያ አለመቸኮል ከዛ ሁሉ ዙረት የመጣ ነው፣ ጃዝ የነካካ ሰው ቃሉን ከምቱ ትንሽ ዘግየት አድርጎ ነው የሚጥለው፣ ኬኒም እንደዛ ነው የሚያደርገው።

ለዝና ያበቃችው "ሉሲል" ናት፣ 1977። ሳይድ ቢ (የሸክላው ሁለተኛ ገጽ) የሚጀምረው በሷ ነው፣ እኔ ደግሞ ሸክላውን ካመጣሁ ጀምሮ ሳይድ ቢን ነው ቀድሜ የማስቀምጠው። ቶሊዶ ከተማ፣ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለ ቡና ቤት፣ አንዲት ሴት ቀለበቷን ታወልቃለች፣ ተራኪው አይቶ ጠጋ ይላል፣ መጠጥ ይጋብዛል። በዚህ መሃል ባል ከተፍ። ግዙፍ ሰውዬ፣ እጁ በስራ የሻከረ፣ ተራኪው ዛሬ ተደበደብኩ ብሎ ሲጠብቅ ሰውዬው አይማታም፣ እየተንቀጠቀጠ ሚስቱን ያናግራታል፦ አራት የተራቡ ልጆች ቤት፣ ያልተሰበሰበ እህል ማሳ ላይ፣ ጥለሽኝ የምትሄጂው አሁን ነው? በቃ። ይሄንን ነው እንግዲህ ሰው በየባሩ ብርጭቆ አንስቶ እየሳቀ በኅብረት የሚዘፍነው! ቀስ ብላችሁ ስትሰሙት ግን አዝማቹ የሰውዬው ልመና ነው፣ ኬኒ ደግሞ አይጮኽበትም፣ ዝቅ አድርጎ ነው የሚለው። መጨረሻ ላይ ተራኪውና ሴትዮዋ ሆቴል ይገባሉ፣ ግን የባልዮው ቃል ጭንቅላቱ ውስጥ እየጮኸ ሊያቅፋት ያቅተዋል። (የኬኒ እናትም ስሟ ሉሲል ነበር፣ አስቡት ልጅሽ በስምሽ ይሄን ሲዘፍን።)

"ሩቢ" ከሉሲልም ትብሳለች። የካንትሪ ዘፋኙ የሜል ቲሊስ ድርሰት ናት፣ ኬኒ ከፈርስት ኤዲሽን ጋር በ1969 ነው ያወጣት፣ አሜሪካ ቬትናም ውስጥ ተዘፍቃ እያለች ማለት ነው። ከጦርነት ሽባ ሆኖ የተመለሰ ሰው ሚስቱ ከንፈሯን ስትቀባ፣ ጸጉሯን ስትሰራ ያያል፣ የት እንደምትሄድም ያውቃል። በሩ ሲዘጋ ይሰማል። 3 ደቂቃ እንኳን አትሞላም ግን ምቷ እየጋለበ ነው የሚሄደው፣ ሰውዬው መንቀሳቀስ አይችልም ሙዚቃው ግን ይሮጣል፣ ይሄንን ያሰበው ሰው እጁ ይባረክ። እኛ ቤት ከግንባር አካሉ ጎድሎ የተመለሰ ዘመድ የሌለው ስንት ሰው አለ? ለዛ ነው መሰለኝ እንግሊዝኛው ሳይገባን በፊትም በካሴት ዘመን ስንሰማት የምትከብደን።

"ዘ ጋምብለር"ን ሁሉም ያውቃታል፣ ባቡር ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቁማርተኛ ተራኪውን ሲመክር ነው፣ ሳይድ ኤ በሷ ነው የሚከፈተው። የጻፋት ዶን ሽሊትዝ የ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ልጅ ነበር፣ ናሽቪል ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ሌሊት ሌሊት ኮምፒውተር ላይ ይሰራ ነበር። ከኬኒ በፊት ሌሎች ዘፍነዋት አልያዘችም፣ በ1978 ኬኒ ሲይዛት ግን ግራሚ አመጣች፣ ከዛም የቲቪ ፊልም ሆነች፣ ተከታታዮቹን ደግሞ ተዉት። ምን የተለየ ነገር አደረገ ካላችሁ መጀመሪያውን ስሙት፣ ማውራት ነው፣ መዝፈን አይባልም፣ ከዛ መሃል ላይ ቶኑ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ባቡሩ ፍጥነት የጨመረ ነው የሚመስላችሁ። ሽማግሌው ቁማርተኛ ምክሩን በአንድ ጉንጭ ውስኪና በአንድ ሲጋራ ሸጦ እዛው ባቡሩ ውስጥ ጥቅልል ብሎ ይሞታል። እኛም ምክሩን ስንሸመድድ መሞቱን እንረሳዋለን።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ሻጩ "እንከን የለውም" ብሎኝ ነበር፣ ቤት መጥቼ ሳስቀምጠው "ካወርድ ኦፍ ዘ ካውንቲ" ላይ ጭረት አለው፣ ያውም የት ቦታ፣ ቶሚ በሩን ሊቆልፍ ሲል! ዘፈኑን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ፈሪ የተባለው ልጅ "አትደባደብ" የሚለውን የአባቱን አደራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያፈርስበት ሰዓት ነው፣ መርፌው እዛ ላይ ጠቅ ጠቅ ብሎ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ልጁ በሩን እየቆለፈ ይኖራል። መልሼ ብወስደው "ያገለገለ አንቀበልም" አሉኝ፣ እንዴ የሸጣችሁልኝስ አዲስ ነበር እንዴ?

"ሌዲ" ከላይ ያልኳት አንዷ ናት። ታሪክ የላትም፣ ፍቅር ብቻ ናት፣ ግን ያዘች፣ በአሜሪካው የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ ቢልቦርድ ላይ 6 ሳምንት አንደኛ ነበረች። የጻፋትም ፕሮዲውስ ያደረጋትም ላየነል ሪቺ ነው፣ ያኔ ገና ከኮሞዶርስ ባንድ ጋር እያለ። ጥቁር የሶል ሰው ለካንትሪ ዘፋኝ ፒያኖ ይዞ መጣ፣ ሁለቱም ተጠቀሙ። እኛን የሚመለከተን ደግሞ ከዛ በኋላ የመጣው ነው፣ በእኛ አቆጣጠር በ77ቱ ረሃብ ጊዜ ላየነል ከማይክል ጃክሰን ጋር "ዊ አር ዘ ወርልድ"ን ሲጽፍ ነገሩን ያስተባበረው ኬን ክሬገን የላየነልም የኬኒም ማናጀር ነበር። ኬኒም በጃንዋሪ 1985 እዛ ስቱዲዮ ውስጥ አለ፣ ቪዲዮውን ክፈቱት፣ ከፖል ሳይመን ቀጥሎ ያ ጺማም ሰውዬ እሱ ነው።

የተቀረው? "ሺ ቢሊቭስ ኢን ሚ" ጥሩ ናት፣ ከኪም ካርንስ ጋር ያለችው ዱኤትም ሁለት ሻካራ ድምጽ ሲጋጭ ደስ ትላለች። "ላቭ ዘ ወርልድ አዌይ" እና "ሎንግ አርም ኦፍ ዘ ሎው" ግን ለኔ ቦታ መሙያ ናቸው። ከዶሊ ፓርተን ጋር የዘፈናትን "አይላንድስ ኢን ዘ ስትሪም" ፈልጋችሁ ከሆነ እዚህ የለችም፣ በ1983 ነው የወጣችው፣ ቢ ጂስ የሚባሉት ባንድ ናቸው የጻፏት፣ "አይስ ዛት ሲ ኢን ዘ ዳርክ" የሚለው አልበም ላይ ነው የምታገኟት።

ዋጋን በተመለከተ አትታለሉ፣ ይሄ ሸክላ በአሜሪካ ብቻ ከ10 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ነው፣ በየያገለገለ ዕቃ መሸጫው ሞልቷል፣ "ሬር (ብርቅ) ነው" የሚላችሁ ሻጭ ካለ ጥላችሁ ውጡ። እኔ ከአንድ ፒዛ ባነሰ ነው የገዛሁት። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ከሽፋኑ አውጥታችሁ መብራት ስር ዘንበል አድርጋችሁ እዩት፣ ጭረቱ እዛ ይታያል፣ ከጎን ደግሞ መጣመሙን አይን ላይ አስተካክላችሁ ተመልከቱ። ስልክ ላይም ዘፈኖቹ አሉ፣ እሱንም ሰምቻለሁ፣ ቤዙና የድምጹ ቅርበት ግን ሸክላው ላይ ይሻለኛል፣ ጆሮዬ ይሁን ጉራዬ አላውቅም።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ፣ ጭረቱን ሳልቆጥር። "አይስ ዛት ሲ ኢን ዘ ዳርክ" ንጹህ ኮፒ ያላችሁ ካላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ፎቶውን መብራት ስር አንስታችሁ።