ለቤት ኮምፒውተር የሚሆን ማዘርቦርድ፦ የቢ650 ቦርዶች ሲገመገሙ

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር በራሱ እጅ ለመገጣጠም የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሐሳቡን በፕሮሰሰሩና በግራፊክስ ካርዱ ላይ ይጥልና ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበትን ማዘርቦርድ በተረፈው ገንዘብ ይገዛል። ሌሎቹ ዕቃዎች ግን ቢበላሹ አንድ በአንድ ይቀየራሉ፤ ማዘርቦርድ ሲበላሽ ሁሉም ነገር ተፈታትቶ እንደገና መገጠም አለበት። እዚህ የምገመግመው የኤኤምዲን ኤኤም5 ሶኬት (ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበትን መግጠሚያ) ይዘው በ2022 ለገበያ የቀረቡትን የቢ650 ቦርዶች ነው፤ ቢ650 በቦርዱ ላይ ያለው ቺፕሴት ስም ነው። በእኔ ግምት ለአብዛኛው የቤት ተጠቃሚ ከበቂ በላይ ናቸው፤ ሆኖም ቢ650 ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ጥራቱ አንድ አይደለም።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በሶኬቱ ዙሪያ በተደረደሩት የኃይል መቆጣጠሪያ ክፍሎች ነው። ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣውን 12 ቮልት ፕሮሰሰሩ ወደሚፈልገው ከ1 ቮልት ብዙም ወዳልራቀ መጠን የሚያወርዱት እነርሱ ናቸው። 65 ዋት ተብሎ የተሰየመው ራይዘን (የኤኤምዲ ፕሮሰሰር) እስከ 88 ዋት፣ 170 ዋት የተባለው ደግሞ እስከ 230 ዋት እንዲስብ ተፈቅዶለታል፤ ቮልቴጁ ይህን ያህል አነስተኛ በመሆኑም ትልቁ ፕሮሰሰር ሲሠራ በእነዚያ ጥቃቅን ክፍሎች የሚያልፈው ከረንት ከ100 አምፔር በላይ ይሆናል። ስለዚህ የኃይል ክፍሎቹ ያለ ማቀዝቀዣ የተተዉበት ርካሽ ቦርድ ባለ6 ኮር ፕሮሰሰርን ያለ ችግር ቢያሠራም፣ ባለ16 ኮሩ ለሰዓታት ቪዲዮ ሲያቀናብር ሙቀቱ እየጨመረ ሄዶ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን እንዲቀንስ ሊያስገድደው ይችላል። በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የፌዝ (ኃይሉን ተካፍለው የሚያቀርቡት ክፍሎች) ቁጥር ብቻውን አያሳምነኝም፤ የእያንዳንዱ ፌዝ አቅም ከቦርድ ቦርድ ይለያያልና። ከዚያ ይልቅ ማቀዝቀዣውን ቀረብ ብሎ ማየት ይሻላል፦ ወፍራምና ጥርስ ጥርስ ያለው አሉሚኒየም ከሆነ ለሥራ የተቀመጠ ነው፤ ባለቀለም መብራት የተሰካበት ስስ ሽፋን ከሆነ ግን ለጌጥ ነው።

ሁለተኛው መመዘኛዬ አምራቹ ባዮሱን (ኮምፒውተሩ ሲበራ ቦርዱን የሚያስነሣውን ፕሮግራም) ምን ያህል በትጋት ያድሳል የሚለው ነው። በ2023 አንዳንድ የራይዘን 7000 ኤክስ3ዲ ፕሮሰሰሮች ሶኬታቸው ላይ እንዳሉ በተቃጠሉ ጊዜ፣ መፍትሔው የሶክ ቮልቴጁን (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ላለው የራም መቆጣጠሪያና መሰል ክፍሎች የሚሄደውን) ከ1.3 ቮልት እንዳያልፍ የሚገድብ አዲስ ባዮስ ነበር። በ2024 የወጡት የራይዘን 9000 ፕሮሰሰሮችም በእነዚህ ቦርዶች ላይ እንዲሠሩ የታደሰ ባዮስ ይጠይቃሉ። ፕሮሰሰር ሳይገጠም ከፍላሽ ላይ ባዮስ የሚጭን ቁልፍ ያለውን ቦርድ፣ ዋጋው ጥቂት ቢጨምርም፣ የማስቀድመው ለዚህ ነው።

ስለ ራም ደግሞ አራት ስሎት መኖሩ ብዙዎችን ያታልላል። በራይዘን 7000 ላይ ሁለት ራም ሲገባ ዲዲአር5-5200 የሆነው ይፋዊ ፍጥነት፣ አራቱም ሲሞሉ ወደ 3600 ይወርዳል፤ እናም ሁለት ትልልቅ ራም መግዛት ይሻላል። ኮምፒውተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጨልሞ ሊቆይ ይችላል፤ ቦርዱ ራሙን እየፈተሸ ስለሆነ ተበላሽቷል ብሎ ማጥፋት አይገባም።

የቦርዱ መጠን በኬዙ ይወሰናል፤ ማይክሮ ኤቲኤክስ የሚባለው 244 በ244 ሚሊ ሜትር የሆነ አነስ ያለ ቦርድ አንድ ግራፊክስ ካርድ ብቻ ለሚገጥም ሰው ምንም አያጎድልበትም።

በኤኤም5 ላይ 1718ቱ ፒኖች ያሉት በፕሮሰሰሩ ሳይሆን በቦርዱ ሶኬት ውስጥ ነው፤ አንዱ ቢጣመም ደግሞ ዋስትናው ብዙውን ጊዜ አይሸፍነውም። ቦርዱን ስትረከቡ የፕላስቲክ ክዳኑን አንሥታችሁ ፒኖቹን በብርሃን ከጎን ተመልከቱ፤ ቦርዱን ለመመለስ ቢያስፈልግ ሶኬቱን የሚጠብቀው እርሱ ነውና ክዳኑንም አትጣሉት።