ሂተር ቀዝቃዛ ነፈሰ ብላችሁ ዳሽቦርድ እንዳታስፈቱ

ከጋራዡ ከወጣሁ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል፣ የፊደል ስህተት ካያችሁ በዚያ እለፉልኝ። 17,500 ብር ተበልቻለሁ። ያውም በማን? አራት ዓመት ሙሉ ደንበኛ ሆኜ በኖርኩበት፣ ስገባ "የኛ ሰው መጣ" በሚለኝ ጋራዥ። ስሙን አልጽፍም። እዚህ አዳማ ያላችሁ ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። በሩ ላይ አሮጌ ጎማ ተከምሯል፣ ዋናው መካኒክ ሁልጊዜ ስልክ ላይ ነው፣ "ነገ ጠዋት ና" አያልቅበትም።

"አዳማ እየኖርክ ሂተር ለምንህ ነው?" የሚል አይጠፋም። እናቴ በቆጂ ናት። በየአስራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቼ እሷ ጋ እሄዳለሁ። አዳማ ከባህር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ናት፣ በቆጂ 2,800 ገደማ። በታህሳስ ውርጭ ያንን መንገድ የሄደ ይፍረደኝ። እነ ደራርቱና ቀነኒሳ እዚያ ሮጠው ይሞቁ ነበር። እኔ መሪ ጨብጬ ቁጭ ብዬ ነው የምሄደው።

ነገሩ የጀመረው ህዳር ላይ ነው። ኢተያን አልፌ ሂተሩን ስከፍት ቀዝቃዛ አየር። ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ቀይ ላይ ወሰድኩት፣ ያው ነው። መስታወቱ ጉም እየያዘብኝ፣ በግራ እጄ በጨርቅ እየጠረግሁ በቆጂ ገባሁ።

ሰኞ ጋራዥ ወሰድኳት። ዋናው ኮፈን እንኳ አላስከፈተም። በመስኮት እጁን አስገብቶ ንፋሱ ላይ ሦስት ሰከንድ ያህል ያዘና "የሂተሩ ራዲያተር ሞቷል" አለኝ። ልክ እንደ ሐኪም። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ትንሽ ራዲያተር አለች። የሞተሩ ትኩስ ውሃ በውስጧ ያልፋል፣ ፋኑ በላይዋ ይነፍሳል፣ ሙቀቱ ወደ እኛ ይመጣል። እሷን ለማውጣት ዳሽቦርድ መፍታት ነው። "አዲስ አይገኝም፣ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ አስመጣልሃለሁ" አለ። እቃው 9,500፣ የእጅ 8,000። ደረሰኝ ስለው "15 ፐርሰንት ይጨመርብሃል፣ ለምን ትጎዳለህ?" አለኝ። እኔም ሳቅኩ። ሳቅኩ እኮ! ብሩንም በላከልኝ የሴት ስም ያለበት አካውንት አስገባሁለት።

ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ከግድግዳው ሥር ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ማኪያቶ እጠጣለሁ። ከራሴ በላይ በሽቦ የተሰካ ቁርጥራጭ ብረት ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ጋራዥ ውስጥ ምን የማይሰቀል አለ? ልብ አላልኩትም።

በሦስተኛው ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ሰዓት አስረከቡኝ። ረዳቱ መኪናዋን በቆመችበት ነዳጅ ረግጦ አጮኻት። ዋናው "እጅህን አስጠጋ" አለኝ። አስጠጋሁ። እሳት! "ምን አልኩህ?" አለ። ደስ ብሎኝ ለልጆቹ የሻይ 300 ብር ጨመርኩ። አሮጌውን እቃ እንዲሰጡኝ ስጠይቅ "ለቅርስ ነው?" ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔ የሳቅኩበትን ብቻ ብትቆጥሩ ይበቃል።

ባለፈው ቅዳሜ መንገድ ጀመርኩ። ዳገቱን ወደ አሰላ ስወጣ ለብ ያለ ነገር ነበር። አሰላን አልፌ ሜዳው ላይ ፍጥነት ስይዝ፣ ሳጉሬ ሳልደርስ፣ በረዶ ሆነ። የሙቀት መለኪያው መርፌ ታች ተኝቷል። ያን ጊዜ ገባኝ ልበላችሁ? አልገባኝም። ያመጡልኝ እቃ ያገለገለ ስለሆነ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ስመለስ እናቴ ጋቢዋን ጉልበቴ ላይ አድርጋ "ይኸው ሂተር" አለችኝ።

እሁድ ስመለስ አሰላ መንገድ ዳር አንድ ሸምገል ያሉ መካኒክ አገኘሁ። "ሞተሩ እስኪበርድ ቡናህን ጠጣ" አሉኝ። ከበረደ በኋላ አስነስተው መዳፋቸውን ራዲያተሩ ላይ ጣል አደረጉ። "ና ንካው" አሉኝ። ገና ከመነሳቱ ቀስ እያለ ለብ ይላል። "ይሄ አሁን ቀዝቃዛ መሆን ነበረበት። ቴርሞስታት የለህም ልጄ" አሉ። ሁለት ብሎን ፈቱ። የቴርሞስታቱ መቀመጫ ባዶ ነው።

ቴርሞስታት የውሃው በረኛ ነው። ሞተሩ 80 ምናምን ዲግሪ እስኪደርስ በሩን ዘግቶ ይይዛል፣ ከዚያ ይከፍታል። በረኛው ከሌለ ውሃው ሁልጊዜ በትልቁ ራዲያተር ሲመላለስ ይበርዳል። አዳማ ፀሐይ ላይ ቆማ ብትጮህ ትሞቃለች። በቆጂ ብርድ ውስጥ በ80 ስትነዷት አትሞቅም። ነዳጅም ትበላለች። ለካ በጠራራ ፀሐይ ያስረከቡኝ በምክንያት ነው!

ሽማግሌው አላበቁም። ከሞተሩ ጀርባ ወደ ሂተሩ የሚገቡትን ሁለት የውሃ ጎማዎች (ቱቦዎች) አሳዩኝ። ጎማዎቹን የሚያስረው ብረት ዝጓል፣ የዓመታት አቧራ ከዘይት ጋር ተጋግሮበታል። በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት። "ይሄ ተፈትቶ አያውቅም" አሉ። የሂተሩ ራዲያተር ደግሞ እነዚህ ጎማዎች ሳይፈቱ አይወጣም።

አዲስ ቴርሞስታት ገጥመው፣ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሞልተው 2,200 ብር ተቀበሉኝ። አሰላን ሳልወጣ መኪናው ውስጥ ሹራቤን አወለቅሁ።

"ማን አወጣብህ?" ብለውኝ "እንጃ" ብዬ ነበር። ዴራ ላይ ስደርስ ትዝ አለኝ። ሚያዝያ ላይ መተሐራ መንገድ ሞተሩ ሞቆብኝ ነበር። እዚሁ ጋራዥ አስገባኋት፣ በግማሽ ሰዓት "ጨርሰናል" አሉኝ፣ ከፍዬ ሄድኩ።

ዛሬ ሄድኩ። ዋናው ከልጆቹ ጋር ሽሮ ከበው ይበላሉ። "ና እንብላ" አለኝ። እጁን ሳይታጠብ አልቀረም፣ ግን ጥፍሩ ሥር ግራሶ አለ። እንደዚህ ያለ ነገር ለምን እንደማስታውስ አላውቅም። "ቴርሞስታቴን ማን ነው ያወጣው?" አልኩት። ጉርሻውን ሳይጨርስ፣ ሳይደነግጥ፣ "እኛ ነና!" አለ። "ሚያዝያ ላይ አይደል? አንተ አይደለህ እንዴ 'አትሙቅብኝ እንጂ የፈለጋችሁትን አድርጉ' ያልከው? አዳማ ላይ የሁሉንም እናወጣለን።"

ከዚያ በአገጩ ወደ ግድግዳው ጠቆመኝ።

ያቺ ሽቦ። ሦስት ቀን ከሥሯ ማኪያቶ ስጠጣባት የከረምኩባት። እንደ ቋንጣ የተሰካው በሙሉ ቴርሞስታት ነው። ሃያ ይሆናል፣ ሠላሳም ይሆናል። አንዱ ረዳት ብድግ ብሎ ሽቦዋን ከሚስማሩ አወረደና ፊቴ አቀረበልኝ። "የትኛው ነው የርሶ? ይምረጡ" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ሽሮው ትን አለው።

ስለ ጎማዎቹ ጠየቅሁ። "አጥበን መለስነው፣ ማጠብም ሥራ ነው" አለ። ሳትፈቱ እንዴት አጠባችሁ ስለው "አንተ ደግሞ መካኒክ ሆንክ!" 9,500ውስ? "እቃው መጥቶ ልኩ አልሆነም፣ ተመለሰ።" ብሩስ? "ዳሽቦርድ አልፈታንም እንዴ? ምን በላን?" አለና ወደ ትሪው ዞረ። ደረሰኝ የለኝ፣ አሮጌ እቃ የለኝ፣ አካውንቱም የማላውቃት ሴት ነው። ምን ብዬ ልክሰስ? ዞሬ ወጣሁ። "ሽሮው እንዳይቀዘቅዝ!" የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ።

የሚያንገበግበኝ ብሩ ብቻ አይደለም። የማይሠራ ሂተር ራሳቸው ሠሩልኝ፣ ከፈልኩ። አልሠራም ብዬ ስመጣ ምክንያቱ ከራሴ በላይ ተሰቅሎ እያዩ ዳሽቦርድ ፈቱብኝ፣ ደግሜ ከፈልኩ። ሁለቴም ሻይ ጋብዣለሁ።

እንግዲህ ሂተር ቀዝቃዛ ሲነፍስ መጀመሪያ ሞተሩ በርዶ እያለ ውሃውን እዩ፣ ቢጎድልም እንዲሁ ያደርጋል። ከዚያ የሙቀት መለኪያው መርፌ መንገድ ላይ መሃል መድረሱን አስተውሉ፣ ካልደረሰ ቴርሞስታቱን ጠርጥሩ። ሞተሩ ሲሞቅ ወደ ሂተር የሚገቡትን ሁለት ጎማዎች በጥንቃቄ ንኩ። አንዱ ትኩስ አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ውሃው እየዞረ አይደለም፣ ያን ጊዜ የሂተር ራዲያተር ተደፍኗል ቢሏችሁ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ትኩስ ሆነው ከቀዘቀዘባችሁ ችግሩ ማዞሪያው ወይም አየር መክፈቻው ነው። ሙቀት ሲበዛ "ቴርሞስታቱን እናውጣው" የሚላችሁን እንቢ በሉ፣ ፋኑንና ራዲያተሩን ይይ። የወጣ እቃ ደግሞ የናንተ ነው፣ ተቀበሉ። ደረሰኝም።

የአዳማን መንገድ ታውቁታላችሁ። ጉድጓድ ባለፍኩ ቁጥር ዳሽቦርዱ ቀጭ ቀጭ ይላል። ቆሜ ቆጠርኩት፣ አራት ብሎን ጎድሏል። ለእነሱ ብዬ ግን ተመልሼ አልገባም።