ባኬት ላይ የሚታሰር ፎርክ ወይስ ራሱን የቻለ የፎርክ ፍሬም? ለጎንደር ባለ መጋዘኖችና አርሶ አደሮች የቀረበ ንጽጽር

የመተማና የቋራ ሰሊጥ ወደ ጎንደር መጋዘኖች መግባት በሚጀምርበት ወቅት፣ ሎደር (ከፊት የሚገጠም የማንሻ ክንድ) የተገጠመለት ትራክተር ያላቸው ሰዎች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሳሉ። ፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበትን መደብ) ለማንሳት በነባሩ ባኬት (የአፈር መዛቂያ) ጠርዝ ላይ የሚታሰር ፎርክ፣ ማለትም ሁለት ረጃጅም የብረት ጥርሶች፣ ይበቃል ወይስ ባኬቱ ወልቆ በቦታው የሚገባ ራሱን የቻለ የፎርክ ፍሬም መግዛት ያስፈልጋል? ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚመለሰው በዋጋ ነው፤ በእኔ እምነት ግን መመለስ ያለበት ጭነቱ ከትራክተሩ የፊት ጎማ ምን ያህል ርቆ እንደሚቀመጥ በመለካት ነው።

በቁጥር እንየው። ከፊት አክስል (ከፊት ጎማዎቹ ዘንግ) ባኬቱ እስከሚያያዝበት የሎደሩ ክንድ ጫፍ ፒን ድረስ 150 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። የፎርክ ፍሬም ከፒኑ የሚርቀው 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የጭነቱ መካከል ከፍሬሙ ፊት 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢውል ጠቅላላው ርቀት 220 ይሆናል። ባኬት ላይ በሚታሰረው ፎርክ ግን ፓሌቱ የሚጀምረው ከባኬቱ ጠርዝ ነው፤ ጠርዙ ከፒኑ 75 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ ጠቅላላው ርቀት 275 ይደርሳል። በዚህ ስሌት ባኬት ላይ በታሰረ ፎርክ የተነሳ 10 ኩንታል፣ ትራክተሩን ወደ ፊት ለመድፋት ያለው ኃይል በፍሬም ከተነሳ 12 ኩንታል ተኩል ጋር እኩል ነው። ባኬቱን በሚያዘነብለው የሃይድሮሊክ ሲሊንደር ላይ የሚደርሰው ጫና ደግሞ ከፒኑ ስለሚለካ ልዩነቱ ይብሳል፤ 70 ሳንቲ ሜትር የነበረው ርቀት 125 ይሆናል። የባኬቱ የራሱ ክብደትም ከጭነቱ ጋር አብሮ ይነሳል። በመመሪያው መጽሐፍ ላይ የሎደሩ የማንሳት አቅም ተብሎ የሚሰፍረው ቁጥር ብዙ ጊዜ በፒኑ ላይ የተለካ በመሆኑ፣ ገዢው ያንን ቁጥር እንዳለ ወስዶ ኩንታል ቢቆጥርበት ይሳሳታል።

የሚታሰረው ፎርክ ጥቅም ግልጽ ነው፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ ባኬቱን ማውለቅ አይጠይቅም፣ ለማንኛውም ዓይነት ማያያዣ ይሆናል። ድክመቱ ያለው በሚይዝበት ቦታ ላይ ነው። የባኬት ጠርዝ የተሠራው አፈር ለመዛቅ እንጂ በሁለት ነጥብ ብቻ የተንጠለጠለ ክብደት ለመሸከም አይደለም። አዘዞ አካባቢ ባለ አንድ የመጋዘን ግቢ ውስጥ የስሚንቶ ፓሌት ሲነሳበት መሃሉ ወደ ታች የጎበጠ ባኬት አይቻለሁ፤ ፎርኩ ምንም አልሆነም፣ ባኬቱ ግን ዳግመኛ መሬት በእኩል መጥረግ አልቻለም። 40 ከረጢት ስሚንቶ የተደረደረበት ፓሌት 20 ኩንታል ስለሚመዝን፣ እንዲህ ያለው ጭነት ለብዙ የእርሻ ሎደሮች በፍሬምም ቢሆን ከአቅም በላይ ነው።

በጀቱ የሚታሰረውን ፎርክ ብቻ የሚፈቅድ ገዢ ቢያንስ ሁለቱን ጥርሶች የሚያገናኝ አግዳሚ ብረት ያለውንና እያንዳንዱ ጥርስ ከኋላ ጫፉ ወደ ባኬቱ የላይኛው ጠርዝ በሰንሰለት የሚታሰርበት ማያያዣ ያለውን ይምረጥ። ሰንሰለቱ የክብደቱን ከፊል ወደ ላይ ስለሚያዛውር የታችኛው ጠርዝ እፎይ ይላል፤ አግዳሚው ብረት ደግሞ ጥርሶቹ በመንገድ ንዝረት እንዳይከፈቱ ያግዳል። ሲገጠም ትራክተሩ በደልዳላ መሬት ላይ ይቆማል፣ ባኬቱ መሬት ላይ ይወርዳል፣ ፍሬን ይያዛል፣ ሞተሩም ይጠፋል። ጥርሶቹ ከባኬቱ መሃል እኩል ርቀው፣ ፓሌቱ እስከፈቀደ ድረስ ሰፋ ብለው ይቀመጣሉ። ከጥቂት ማንሳት በኋላ ማጥበቂያ ቡሎኖቹን ዳግም ማጥበቅ ግዴታ ነው፤ ብረት በብረት ላይ ሲጫን ቦታውን እየያዘ ስለሚሄድ መጀመሪያ የጠበቀው ይላላል።

ፍሬሙ በበኩሉ ጭነቱ ወደ ነጂው እንዳይንሸራተት የሚያግድ የኋላ መደገፊያ አለው፤ የጥርሶቹም ጫፍ ከመቀመጫው በተሻለ ይታያል። ይህ ሁለተኛው ነገር ከሚገመተው በላይ ዋጋ አለው፣ ምክንያቱም ከባኬቱ ጀርባ ሆኖ የፓሌት ቀዳዳ የሚፈልግ ነጂ ጆንያ ይበሳል፣ አንዳንዴም ፓሌት የሚያስተካክል ሠራተኛ ይመታል። ፍሬም ከማዘዝ በፊት የሎደሩ ማያያዣ ዓይነት መታወቅ አለበት፤ በፒን የሚያያዝ ሎደር ከሆነ የፒኑ ውፍረትና በሁለቱ ክንዶች መካከል ያለው ስፋት ይለካ።

ከትራክተሩ ኋላ በሦስት ነጥብ፣ በሁለቱ ማንሻ ክንዶችና በላይኛው ማያያዣ፣ የሚገጠም ፎርክም አለ። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ከመሬት ብዙም ስለማያነሳ ከግቢ ወደ ግቢ ለማጓጓዝ እንጂ መኪና ላይ ለመጫን አይሆንም፤ ሲጫን የፊት ጎማውን ስለሚያቀልም መሪው ይሰንፋል።

የትኛውም የፊት ፎርክ ቢመረጥ የኋላ ክብደት ከግዢው ሒሳብ ውስጥ መግባት ይኖርበታል። የኋላ ጎማን በውኃ መሙላት ትራክተሩን ያረጋጋዋል፣ የፊት አክስሉን ሸክም ግን አያቃልልም፤ ያንን የሚያደርገው ከኋላ አክስሉ ጀርባ በማንሻ ክንዶቹ ላይ የሚንጠለጠል የኮንክሪት ወይም የብረት ክብደት ነው፤ መጠኑም በትራክተሩ መመሪያ ላይ ሰፍሯል። እንደ ጎንደር ባለ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት ከተማ ጭነት የያዘ ሎደር ዳገቱን ቀጥ ብሎ በፊቱ ይወጣል፣ ቁልቁለቱን ደግሞ ወደ ኋላ እየሄደ ይወርዳል፤ ጭነቱ ዘወትር በዳገቱ በኩል፣ ወደ መሬትም ዝቅ ብሎ ይያዛል። በአግድም መሄድ አይገባም። በክረምት የደምቢያ ጥቁር አፈር ላይ አንዱ ጎማ ከሰመጠ ሜዳውም እንደ ዳገት ይቆጠር።

ያገለገለ ፎርክ ለሚገዛ ሰው አንድ ምርመራ ከሁሉ ይቀድማል። የጥርሱ ተረከዝ፣ ማለትም መታጠፊያው፣ ውፍረት ከመጀመሪያው በ10 በመቶ ከቀነሰ የመሸከም አቅሙ በ20 በመቶ ያህል ስለሚወርድ ከሥራ መውጣት አለበት። በጎኑ ላይ የተመታው የክብደት ቁጥርና ቁጥሩ የሚሠራበት የጭነት መካከል ርቀት መነበብ ይኖርባቸዋል። የጥገና ብየዳ ምልክት ያለበትን ጥርስ አይግዙ፤ የፎርክ ብረት በሙቀት የጠነከረ በመሆኑ ብየዳ ጥንካሬውን ያጠፋዋል። ከላሜራና ከቱቦ በጋራዥ የተበየደ ፎርክም ከዚሁ ይቆጠራል፣ ምን ያህል እንደሚሸከም የሚነግር ቁጥር የለውምና።